ማበጠሪያውና ዓሣው

ሚስማር የዕቃን ፊት አይታ ፈርዳ አታውቅም። ሰው ሶፋ ሊገዛ ሲገባ ጨርቁን በመዳፉ ይደባብሳል፤ ቁም ሳጥን ፊት ይቆምና በመስታወቱ የገዛ ጸጉሩን ያስተካክላል፤ ከዚያ «ደስ ይላል» ብሎ ዋጋ ይጠይቃል። እሷ ቀጥታ ወደ ጀርባው ነው የምትዞረው። «ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል፤ ግድግዳ ብቻ የሚያየውን ያሳመረ፣ እሱ ነው አናጢ» እያለ ያሳደጋት አባቷ ነው።

መሳቢያ ከሆነ ስባ አውጥታ ትገለብጠዋለች፤ ታሸተዋለች። ወንበር ሲጋብዟት ከመቀመጧ በፊት እግሮቹን በሰያፍ ይዛ ትወዘውዘዋለች። አልጋ ከሆነ ፍራሹን አስነስታ ሆዱ ሥር ትገባለች። ላዩን ስስ የእንጨት ልባስ የለጠፉበትን ቺፑድ «ድፍን ጥድ ነው» ያሏት እንደሆነ፣ «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ትልና የገዢዋን ክንድ ይዛ ትወጣለች። ሚስማር የሚለውን ስም ያወጡላት ባለሱቆች ናቸው። ስድብ መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ስትሰማው ወደደችው፤ ሚስማርን ቢመቱት ይጠልቃል እንጂ አይሸሽም።

የራሷ ሱቅ የላትም። ዓይኑን ያላመነ ገዢ እሷን አስከትሎ ይሄዳል፤ ሥራዋ ያ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ ከእንጨት ጋር ስትጣላ፣ ስትታረቅ፣ እንደገና ስትጣላ ያወቀችው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የዕቃ ቤቶቹን መንገድ ሽቅብ ቁልቁል ስትል ግን የአንዱን ሱቅ ደጃፍ ብቻ ረግጣ አታውቅም። ከመንገዱ መጨረሻ ያለውን ትልቁን፣ ከኋላው የራሱ የእንጨት ሥራ ቤት ያለውን። ገዢዎች «እዚያስ ብንሞክር?» ሲሏት «እኔ እዚያ ቤት አልገባም» ትላለች። ለምን እንደሆነ አትጨምርም። ያችው ሳትጨምራት የምትቀረው ነገር ነበረች ገዢ አሽሽታ ሱቁን ያደረቀችው።

ዛሬ ግን ልትገባ ነው።

«ሠላሳ ክፍል ነው፣ የኔ ልጅ» አሏት እትዬ፣ መንገዱን አብረው ሲወርዱ። እትዬ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ የሚከፍቱ፣ ጉልበታቸው የደከመ ምላሳቸው ያልደከመ ሴት ናቸው። «ሠላሳ አልጋ፣ ሠላሳ ቁም ሳጥን። ሰውየው ያለውን እንጨት ሁሉ የኔ ሥራ ላይ አፍስሶታል። ካልወሰድኩለት በሩን ይዘጋል ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ በሩ እንዳይዘጋ ብዬ የሚንቋቋ አልጋ አልገዛም። አንቺ ውሰጂ ካልሽ እወስዳለሁ፤ ተይ ካልሽ እተዋለሁ።»

«ቃሌን ያገኛሉ፣ እትዬ።»

ሠላሳ አልጋ ተሠርቶ አንድም ጥፋት አይታጣም፤ ይህን የማያውቅ አናጢ የለም። አንዲት ስንጥቅ፣ አንዲት የላላች ብሎን ትበቃታለች። እሷን ትይዝና ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብላ ትናገራለች። ሦስት ዓመት በልቧ ስትስለው የኖረችው ስለት ዛሬ ሥጋ ሊያገኝ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የተወጋችውም እዚሁ ቤት ነበር። ያኔ አባቷ የዚያ ሥራ ቤት ዋና አናጢ ነበር። የባለሱቁ ልጅ ደግሞ፣ ከአፉ ይልቅ በዓይኑ ስለሚናገር «ዝምተኛው» ያለችው፣ ከሥራ ቤቱ የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ እያየ «ይውጣ» የሚለው ሰው ነበር። ከአጥሩ ጀርባ የተቆለለ ሳንቃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የተዋደዱት። ባለሱቁ ሲሰማ «የሰጋቱራ ቦታው ሥራ ቤት ነው፤ ሳሎኔ አይገባም» አለ። ዝምተኛው «ይገባል» አላት። ቃሉ አንዲት ነበረች፤ እሷም አመነቻት።

ከዚያ አባቷ የሠራው አንድ አልጋ የሰው ሙሽሮችን በሠርጋቸው ሳምንት ይዞ ወደቀ። አገር ሳቀ። ባለሱቁ በንዴት ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ልጁን «የማን ጥፋት ነው? ተናገር!» አለው። ሚስማር በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዝምተኛው እሷን አየ፤ አባቷን አየ፤ መሬቱን አየ።

«የአናጢው» አለ።

አባቷ መጋዙን በጆንያ ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሥራ የሰጠው የለም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ቢላዋ ይስላል። ዝምተኛው ሰባት ደብዳቤ ላከላት። ሰባቱንም ሳትከፍት፣ በፖስታው ጀርባ «ተመርምሮ ተመልሷል» እያለች እየጻፈች መለሰችለት። ሰባተኛውን ልትከፍተው ዳድቷት ነበር። ለዚያም ጭምር አልማረችውም።

*

ባለሱቁ እትዬን በሩ ድረስ ወጥቶ በሳቅ ተቀበላቸው። ከኋላቸው ያለችውን ሲያይ ሳቁ ከንፈሩ ላይ እንደ ፈሰሰ ኮላ ደርቆ ቀረ።

«እትዬ... ይቺን ነው ይዘው የመጡት?»

«ይቺን ነው። ምነው፣ ዕቃህ ዓይን ይፈራል እንዴ?»

«ዕቃዬ ምንም አይፈራም። የእሷ ዓይን ግን ቂም አለበት።»

«ቂሙ የኔ ነው፣ ጋሼ፤ ዓይኔ የገዢ ነው» አለች ሚስማር። «መብራቱን ያብሩልኝ። ከዕቃው የሚደበቅ ከሌለ።»

መብራቱን ያበራው ሌላ ሰው ነበር። ከቁም ሳጥኖቹ መሐል ወጣ፤ ዝምተኛው። ሦስት ዓመት ያሰበችው ፊት ሌላ ነበር፤ የተላጨ፣ የጠገበ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ የሱቅ ልጅ። ይሄኛው ወገቡ ላይ የቆዳ ሽርጥ አስሯል፤ ጸጉሩ ውስጥ ሰጋቱራ አለ፤ ጣቶቹ ተቆራርጠዋል። አያት። ያው ዓይን ነው፤ እሱን እንኳ አልቀየረውም። ሚስማር ዓይኗን ሳትሰብር ልክ እንጨት እንደምታይ አየችው።

«ሰጋቱራ ለብሰህ ሳሎን አስገቡህ?»

«በጓሮ በር» አለ።

ሳቅ ጉሮሮዋ ድረስ መጣባት። ዋጠችው፤ ሲወርድ እንደ አጥንት ወጋት። አሁንም ሊያስቃት መቻሉን ከሁሉም በላይ ጠላችው።

ሥራዋን ጀመረች። ባለሱቁ ከፊት ያቆማቸውን አልፋ ከጥግ ያለውን ጎተተች፤ የሚያሳዩህን ተውና የገፉትን አንሳ። የቁም ሳጥኑን በር እስከ ግማሽ ከፍታ ለቀቀችው፤ በደንብ የተሰቀለ በር በለቀቁት ቦታ ይቆማል፤ ቆመ። ከቦርሳዋ አሮጌ ስቶኪንግ አውጥታ እጇ ላይ አጠለቀችና በእንጨቱ ላይ ጎተተችው፤ በደንብ ያልተለሰለሰ እንጨት ክሩን ይይዛል፤ አልያዘም። አንዲት የተበላች የመጫወቻ ካርታ በየመጋጠሚያው ልታስገባ ሞከረች፤ የገባችበት መጋጠሚያ ነገ ይላላል፤ አንዱም አላስገባትም። መሳቢያዎቹን ገለበጠች። የታችኛው ሳንቃ በኮላ አልተያዘም፤ በቦዩ ውስጥ ልቅ ነው፤ በዝናብ ሲያብጥ በበጋ ሲኮማተር መተንፈሻ እንዲኖረው። እንዲህ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነበር የምታውቀው። እሱ በረንዳ ላይ ቢላዋ ይስላል።

«እህስ?» አሉ እትዬ ወንበር ላይ ሆነው።

«ገና ነኝ።»

አሥር አልጋ አለፈች። ጥፋት ያጣ ቂመኛ፣ ሬሳ ያጣ ጉድጓድ ቆፋሪ ማለት ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ የሚገባበት የለም። ላቧን በክንዷ ጠርጋ አሥራ አንደኛው አልጋ ሥር ገባች፤ ባትሪዋን አበራች፤ እጇም እዚያው ደርቆ ቀረ።

ምልክቶቿ ነበሩ።

አባቷ ፊደል አልቆጠረም። በእጅ በተሠራ አልጋ ደግሞ እግሩ ውስጥ የሚሰካው የጎኑ ጫፍ፣ እያንዳንዱ ምላስ፣ ለራሱ ቀዳዳ ብቻ ይሞረዳል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ሌሎች አናጢዎች ቁጥር ይጽፋሉ። ለአባቷ ግን በሰባት ዓመቷ እሷ ሥዕል አወጣችለት፦ ለአንዱ ዓይን፣ ለአንዱ ቁልፍ፣ ለአንዱ ዓሣ፣ ለአንዱ ማበጠሪያ። ዓይን ያለበት ምላስ ዓይን ወዳለበት ቀዳዳ። ይህን ምሥጢር ከአባቷና ከእሷ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ ሳንቃው ክምር ላይ ተቀምጣ፣ እየሳቀች፣ መዳፉ ላይ በእርሳስ እየሳለች ያሳየችው ሰው።

ዓይኑ አለ። ቁልፉ አለ። ማበጠሪያውም አለ። ዓሣው ግን የእሷ አይደለም። የእሷ ዓሣ አጥንት ብቻ ነበር፤ አንድ መስመርና ጥርስ ጥርስ የመሰሉ ጎኖች። ይሄ ወፍራም ነው፤ ክብ ዓይን፣ ሹካ የመሰለ ጭራ።

አጠገቧ የእሱ ጫማ ቆሞ ነበር።

«ዓሣዬን አወፈርከው» አለች ከአልጋው ሥር።

«አዎ።»

«ለምን?»

ጫማው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። 

«ሌባ እንኳ የሰረቀውን እንዳለ ይይዛል» አለችና ወጣች። ጉልበቷን አራገፈች።

*

እትዬ እንጨቱ የተከመረበትን ማየት ፈለጉ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ሥራ ቤቱ ተሻገሩ። ዝምተኛው ቀደም ብሎ ግራውን ከልሎ ቆመ፤ እጁን ወደ ቀኝ ዘረጋ። «እንጨቱ በዚህ በኩል ነው፣ እትዬ» አለ፤ ቶሎ ቶሎ ነበር የተናገረው። ሚስማር ደግሞ ሰው የሚከልለውን ማየት ነው ሥራዋ። በትከሻው አሻግራ አየች።

ከትልቁ መሥሪያ ጠረጴዛ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ የአልጋ ጎን ተሰቅሏል። ሁለት ሜትር የሚሆን ጥድ። ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ የራስጌ እግር ቁራጭ በሽቦ ታስሮበታል። ከሥሩ በቀይ ቀለም «እንዲህ አትሥሩ» ይላል።

የሙሽሮቹ አልጋ ነው። የአባቷ አልጋ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ለማጅ በገባ ቁጥር እየተጠቆመ፣ እየተሳቀበት።

«ሠራተኛ እንዲማርበት ብዬ ነው» አለ ባለሱቁ። «ብዙ ሰው ተምሮበታል።»

«ያውርዱት።»

«ምን?»

«እትዬ የሚገዙት የዚህን ቤት ሥራ ነው። ይሄም የዚህ ቤት ሥራ ነበር፤ እመረምረዋለሁ።» ድምፅዋ ራሷን እስኪያስደንቃት ረጋ ብሎ ነበር። ለካ የመጣችው ለዚህ ነው። «ለአባቴ እርጥብ እንጨት ሰጥታችሁት እንደነበር እዚሁ፣ በሁሉም ፊት አሳያለሁ። ከዚያ ጋሼ፣ ያንን ጽሑፍ በገዛ እጅዎ ይፍቁታል።»

መጋዞቹ ቆሙ። መላጊያው ቆመ። ሠራተኞቹ ተጠጉ። ዝምተኛው አንድ እርምጃ ቀረባትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ተይው» አለ። «እባክሽ። እኔን ስደቢኝ፤ ሠላሳውንም አልጋ ጣይው። ይሄን ብቻ ተይው።»

ይሄን ነበር ሦስት ዓመት የተመኘችው፤ ሲለምን ማየት። ደሟ ሞቀ።

«ፈራህ?»

«ፈራሁ።»

«እሰይ። አውርደው።»

ራሱ አወረደው። ሕመምተኛ እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው፤ እጁን ወዲያው አላነሳም። ባለሱቁ ክንዱን አጣምሮ ፈገግ አለ፤ እሱ ደግሞ ምንም የሚፈራው አልነበረም።

ሚስማር ጮክ ብላ ነበር የመረመረችው፣ እያንዳንዷን ነገር እየተናገረች። «እርጥብ ሆኖ የተሠራ እንጨት ሲደርቅ ከጫፉ ይሰነጠቃል» አለች፤ ጫፉን አየች፤ አልተሰነጠቀም። «ይጣመማል» አለች፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና በጠርዙ ላይ ቁልቁል አየች፤ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። «ደካማ እንጨት ከሆነም ጉጥ ይኖረዋል» አለች፤ ጉጥ የለውም። እንጨቱ እንከን የለሽ ነበር። ድምፅዋ ትንሽ ወረደ።

«ታዲያ ምን ሰበረው?» አሉ እትዬ።

ሽቦውን ፈታች። ምላሱን ከተሰነጠቀው ቁራጭ ለየችው። ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ምላሱ ቀጭን ነው፤ በመካከላቸው በኮላ የተለወሰ ሰጋቱራ ተጠቅጥቆ ደርቋል። ልቧ ዘለለ። አባቷ የላላ ምላስ በሰጋቱራ ከሚሞላ የራሱን ጥርስ ቢነቅል ይመርጣል!

«ይሄ የአባቴ እጅ አይደለም!» ብላ ጮኸች። «እትዬ፣ ይዩልኝ! ሌላ ሰው ነው የገጠመው! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ሦስት ዓመት፣ ጋሼ! ሦስት ዓመት በሰው ኃጢአት!» ቁራጩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

ቁራጩ ላይ አንድ መስመርና ጥርስ ጥርስ የመሰሉ ጎኖች ነበሩ። ዓሣ፤ የእሷ ዓሣ፣ አጥንት ብቻ። ምላሱን ገለበጠችው። እሱም ላይ አንድ መስመርና ጥርሶች። ማበጠሪያ። ጎን ለጎን ሲይዟቸው ለቸኮለ ሰው አንድ ናቸው።

የደረቀው ሰጋቱራ ላይ አውራ ጣት አልፎበታል፤ ላዩን ያስተካከለ። አባቷ ኮላ የሚያስተካክለው በስንጥር ነው። በአውራ ጣት የሚያስተካክል... የጣቱ አሻራ መሐል በሰያፍ አንድ ጠባሳ ተቀርጿል። ሚስማር የገዛ አውራ ጣቷን አየች፤ በዘጠኝ ዓመቷ መሮ ያገኛትን። አስቀመጠችው። ልክ ገባ። እንዲህ ልክ የገባ ነገር ዕድሜዋን አይታ አታውቅም።

ያ ቀን መጣባት። አባቷ በትኩሳት ተኝቷል። አልጋው ለነገ መድረስ አለበት። «እኔ እገጥመዋለሁ አባባ፣ ተኛ» ብላዋለች። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፤ ከአጥሩ ጀርባ የሚጠብቃት አለ። ምላሱ ትንሽ ላላባት። አንድ እፍኝ ሰጋቱራ፣ ትንሽ ኮላ፣ አንድ ጊዜ በጣቷ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሮጠች። እየሳቀች ነበር የሮጠችው።

«ማነው እሱ፣ የኔ ልጅ?» አሉ እትዬ። «ማነው የገጠመው?»

 ሚስማር ቁራጩን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«እኔ ነኝ» አለ ዝምተኛው።

ባለሱቁ ዞረ። «ምን አልክ አንተ?»

«እኔ ነኝ የገጠምኩት። ጥፋቱም የኔ ነው።» ጠረጴዛውን እያየ ነበር።

የባለሱቁ ፊት አመድ መሰለ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። በቀሏ ይኸውና፤ ተጠምቆ፣ ተቀድቶ፣ እጇ ላይ ተቀምጧል። አንድ ነገር አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ብቻ። አባቷ ስሙን ያገኛል። ባለሱቁ በገዛ ልጁ አፍ ይዋረዳል። «የአናጢው» ያለው ምላስ ራሱን ይቀጣል። እንዲህ ያለ በቀል በሕልም እንኳ አይሰጥም። ጣዕሙን ምላሷ ላይ አገኘችው፤ ጣፋጭ ነበር።

አውራ ጣቷ ግን አሁንም አሻራው ውስጥ ነበር።

«ውሸቱን ነው» አለች። «ያኔ ይሄ ሰው ሚስማር መምታት እንኳ አያውቅም ነበር።» ጣቷን አንስታ ለሁሉም አሳየች፤ ከዚያ መልሳ አሻራው ላይ አስቀመጠችው። «የገጠምኩት እኔ ነኝ። አባቴ ተኝቶ ነበር። ማበጠሪያውን ዓሣው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።»

«አላልኩም!» አለ ባለሱቁ፤ ትንፋሹ ተመለሰ። «አላልኩም እኔ፣ ከዚያ ቤት ነው ብዬ...»

«አፍህን ዝጋ አንተ» አሉት እትዬ ሳይዞሩ። ሚስማርን ብዙ አዩዋት። «ሠላሳውስ?»

«ደህና ናቸው። ጥፋት ፈለግኩባቸው፣ እትዬ፤ ልቤ እስኪነድ ፈለግኩ። የለም።»

«በቃ እወስዳለሁ። በራሱ ላይ የፈረደ ዓይን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?»

ሚስማር ወደ ባለሱቁ ዞረች። ዓይኗ አልረጠበም፤ አላስረጠበችውም። «ጽሑፉን ግን ይፍቁታል፣ ጋሼ። ካልሆነም ሚስማር ብለው ይጻፉበት። የአባቴን ስም ከዚህ ግድግዳ ላይ ይዤው እሄዳለሁ።»

*

የአልጋ ጎን ረጅም ነው፤ አንድ ሰው አይሸከመውም። በሩ ላይ ተንገዳገደችበት፤ ጫፉ የበሩን መቃን መታ። ከኋላዋ ቀለል አለላት። ማን እንዳነሳው ለማወቅ መዞር አላስፈለጋትም። ልቀቅ አላለችውም። ምን ያህል እንደጠላችው አስታወሰች፤ ጥላቻው እንዳለ ነው፤ መቀመጫ ብቻ አጥቶ ቆሟል።

መንገዱን አጋመሱ። ከዚያ ፊት ለፊቷን እያየች፦

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«በወደቀ ማግስት። ምልክቶቹን አየኋቸው።»

«አይተህስ?»

«አባትሽ ቀድሞኝ አይቷቸዋል። ጠዋት ጠራኝ። ‹እኔ ስሜን ባጣ እጄ ይቀረኛል፤ እሷ ካወቀች ግን ሁለተኛ እንጨት አትነካም› አለኝ። አስማለኝ። ‹የአናጢው› በል አለኝ።»

«በደብዳቤዎቹስ? ያችን አንዲት ነገር ጣል ብታደርግ?»

«ምያለሁ እኮ። እነሱ ውስጥ ያለው ሌላ ነው።»

«ምን ሌላ?»

«ሰባቱም ያው አንድ ነገር ነው» አለ። ጆሮዋ ጋለ። ከፊት መሆኗን አመሰገነች።

ወዲያው ቁጣዋ ተመለሰ። ቀጥ ብላ ቆመች፤ እንጨቱ ሆዱን ወጋው። «ሦስት ዓመት ስጠላህ ቁጭ ብለህ አየኸኝ! ሱቃችሁን ሳደርቀው አየኸኝ! ማን ፈቀደልህ? እኔን ሳትጠይቀኝ በደለኛ የሆንክልኝ ማነህ አንተ? አሁን ይሄን ሁሉ ጥላቻ የት ላድርሰው?»

«እዚሁ ጣይው» አለ። «ለምጄዋለሁ። ደግሞ እኔን ስትጠይ እጅሽ ሥራ አልፈታም። ከዚህ መንገድ ላይ እንዳንቺ እንጨት የሚያይ የለም።»

«አታሞግሰኝ!»

«እሺ።»

ሄዱ።

አባቷ በረንዳው ላይ የሰው ቢላዋ እየሳለ ነበር። መጀመሪያ እንጨቱን አየ፤ ቀጥሎ በሁለቱ ጫፍ ያሉትን። ስለቱን አስቀመጠ። ሲያስቀምጡለት በጎኑ ላይ እጁን አሳለፈ፤ ልክ ከረጅም መንገድ የመጣ ዘመድ ጉንጭ እንደሚዳስስ። ምላሱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አለች። አሁን ዓይኗን መያዝ አልቻለችም።

«አውቃለሁ፣ እናቴ።»

«ስምህን አጠፋሁት።»

«የሰባት ዓመት ልጅ ዓሣ ነው» አለ አባቷ። «ያን ጊዜም ማበጠሪያ ይመስል ነበር። ማረም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ‹አባባ፣ ዓሣ ሳልኩልህ› ብለሽ እንደዚያ ደስ ብሎሽ ሳይ ተውኩት። እንግዲህ ጥፋቱ የአናጢው አይደለም ትያለሽ?» ቀና ብሎ ዝምተኛውን አየው። «ይሄኛው ዓሣ ማወፈር ያውቃል አሉ።»

«ያስተማረኝ ደህና ሰው ነው» አለ ዝምተኛው። ሚስማር አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። እሷ ከገዢዎቿ ጋር በምትዞርባቸው ቀናት፣ የተስለ መሮ ለመውሰድ እየመጣ እዚህ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ገባት። የቆዳ ሽርጡ ገባት። ልቅ የሆነው የመሳቢያ ሳንቃ ገባት።

አባቷ ጉልበቱን ይዞ ተነሳና ውኃ ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። ውኃው እዚያው በረንዳው ላይ ነበር።

«ይቅር አላልኩህም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ደብዳቤዎቹ አሉ?»

«አሉ። ‹ተመርምሮ ተመልሷል› ይላሉ።»

«ዋሽቼ ነው የጻፍኩት። አልመረመርኳቸውም።» ጉንጯን በመዳፏ ጠረገች፤ ሰጋቱራ ጉንጯ ላይ ቀረ። «አምጣቸው። ጥፋት ካገኘሁባቸው ግን ወየውልህ።»

ሳቀ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲስቅ አላየችውም ነበር። ሚስማር ያን ጊዜ ዕድሜዋን ሙሉ ያላደረገችውን አደረገች፤ ጀርባውን ሳትገለብጥ፣ ሳታሸት፣ ሳትወዘውዝ፣ ፊቱን ብቻ ቆማ አየች።